ዶስን በቨርቹዋል ማሽን ስክሪን ሙሉ ማድረግ፦ ለጋሼ ዓይን ብዬ የጠየቅኩት

ኢንተርኔት መድረክ ላይ የከፈትኩት የጥያቄ ክር ከጠበቅኩት በላይ ረዘመ። ምላሾቹ 31 ደርሰዋል። ዛሬ ገብቶ ከላይ እስከ ታች ላንብብ የሚል ሰው መሃል ላይ ይደክመዋል። ስለዚህ የጠየቅኩትን፣ የተመለሰልኝንና የተጨቃጨቅንበትን በተራ ልንገራችሁ። ቁጥሮቹ የምላሾቹ ናቸው።

መጀመሪያ ጥያቄው። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ነው። ካታሎጋችን ያለው በሲዲኤስ አይሲስ ነው። ፕሮግራሙ የዩኔስኮ ነው። ለፒሲ የተሠራው የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው፣ በትእዛዝ ጽሑፍ የሚሠራው ሲስተም) እትም እ.ኤ.አ. በ1985 ወጣ፤ ለትርፍ ለማይሠሩ ተቋማት በነጻ ይሰጥ ነበር። የመጽሐፍ ካርዶቹን ከእንጨት መሳቢያ አውጥቶ ወደ ኮምፒውተር ያስገባ የእኛ ትውልድ ቤተ መጻሕፍት ይህን ፕሮግራም ያውቀዋል።

የእኛን ካታሎግ የጻፈው ጋሼ ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ከ11 ሺህ በላይ መዝገብ፣ አንድ በአንድ፣ በሁለት ጣት። ጡረታ ወጥቷል፤ ግን በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል። ዓይኑ ደክሟል።

አሮጌው ኮምፒውተር ባለፈው ክረምት ሞተ። አዲሱ ዊንዶውስ 10፣ 64 ቢት ነው። ቨርቹዋልቦክስ ጫንኩ፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ የሚፈጥር ፕሮግራም ነው፣ ያ ውስጠኛው ነው ቨርቹዋል ማሽን የሚባለው። ፍሪዶስን፣ ነጻውን የዶስ ዓይነት፣ ውስጡ አስገባሁ። የአይሲስን ፎልደር ገለበጥኩና ከፈትኩት፤ ሠራ። እልል ማለት ቀረኝ። ከዚያ የቀኝ ኮንትሮልና ኤፍን ጫንኩ፣ ፉል ስክሪን እንዲሆን። ስክሪኑ በሙሉ ጠቆረና መሃሉ ላይ የአንድ ፖስታ ያህል ቦታ ብቻ በራ። ጋሼ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። ወደ ፊት ጎንበስ እያለ፣ እያለ፣ አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ ደረሰ። ምንም አላለም። ዝም ማለቱ ነው እኔን የከነከነኝ። ሲያቃጥለኝ ዋለና ማታ ቤት ገብቼ ጥያቄውን ጻፍኩ፦ ፉል ስክሪን ነው እየተባለ ጽሑፉ ለምን አያድግም?

ቁጥር 1 ትሁት ሰው ነበር። ሰላምታውን አርዝሞ፣ ወንድሜ ብሎ ጀምሮ (ሴት መሆኔን በኋላ ነገርኩት)፣ አልትና ኢንተርን አንድ ላይ እንድጫን መከረኝ። በእሱ መሥሪያ ቤት ለዓመታት እንደዚያ ሲያደርጉ ነው የኖሩት።

ቁጥር 2 በጨዋ ቋንቋ አረመው። አልትና ኢንተር የሚሠራው በዊንዶውስ ኤክስፒና ከዚያ በፊት ነበር አለ። ከቪስታ ጀምሮ የስክሪን ድራይቨሮች አሠራር ስለተቀየረ፣ ዊንዶውስ ራሱ የዶስን ፕሮግራም ስክሪን ሙሉ ማድረግ አልችልም ብሎ መልእክት ያወጣል። 64 ቢት ላይ ደግሞ የዶስ ፕሮግራም ከነጭራሹ አይከፈትም። ምክንያቱንም ጨመረ። ዊንዶውስ ዶስን የሚያስኬደው ኢንቴል በ386 ፕሮሰሰር ባመጣው ልዩ ሁነታ ነበር፤ ፕሮሰሰሩ ወደ 64 ቢት አሠራር ሲገባ ያ ሁነታ የለም። ቨርቹዋል ማሽን ያስፈለገኝም ለዚህ ነው። ቁጥር 1 ተመልሶ አመሰገነ፣ ይቅርታም ጠየቀ። ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አልነበረም።

3 እና 4 አጭር ናቸው። አንዱ የቨርቹዋልቦክሱን እትምና የሞኒተሩን መጠን ጠየቀ፣ እኔ መለስኩ። ሞኒተሩ 21 ኢንች ተኩል፣ 1920 በ1080።

ቁጥር 5 ላይ አንዲት እህት ከሐዋሳ ገባች። ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። እንዲህ አስረዳችኝ። ዶስ በራሱ ዓይን ሲታይ ድሮም ስክሪን ሙሉ ነው፤ ከዚያ ውጭ ሌላ ነገር አያውቅም። የሚያወጣው ሥዕል ወርዱ 720 ነጥብ፣ ቁመቱ 400 ነጥብ ነው። ዊንዶውስን ወይም ሊኑክስን ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ስናስገባ፣ ጌስት አዲሽንስ የሚባል ተጨማሪ ነገር እንጭናለን። እሱም ማሽኑ ውስጥ ላለው ሲስተም የስክሪኑን መጠን ይነግረዋል፤ ሲስተሙም ራሱን ያሰፋል። ለዶስ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ቢኖርም የጽሑፍ ሁነታው ራሱን ማስፋት አይችልም። ስለዚህ ቨርቹዋልቦክስ የመጣለትን 720 በ400 እንዳለ ይወስድና ሰፊው ስክሪን መሃል ላይ ያስቀምጠዋል። የቀረውን ጥቁር ያደርገዋል። ካልኩሌተር አውጥታ ሠርታዋለች፦ የሚበራው ከጠቅላላው ስክሪን 14 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጋሼ ያን ያህል ጎንበስ ያለው 86 በመቶው ጨለማ ስለሆነ ነው።

ጨለማውን ለማጥፋት ዶስን መነካካት አያስፈልግም፤ ሥዕሉን ማሳደግ ያለበት ቨርቹዋልቦክስ ነው። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ቀን የፈጀሁበትን ፍለጋ ዘጋልኝ። እኔ ፍሪዶስ ውስጥ ሆኜ የስክሪን ድራይቨር ፍለጋ ስዳክር ነበር።

ቁጥር 6 መድኃኒቱን ሰጠኝ። የቀኝ ኮንትሮልና ሲ። ይህ ስካልድ ሞድ የሚባለው ነው፤ ከቨርቹዋልቦክስ 4.0 ጀምሮ አለ። መስኮቱን የፈለግኸውን ያህል ስትስበው ሥዕሉ አብሮት ያድጋል። ሜኑው ስለሚደበቅ እንዳልደነግጥም አስጠነቀቀኝ፤ ያንኑ ሁለት ቁልፍ ደግሞ መጫን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ግራፊክስ ኮንትሮለሩ ቪቦክስ ቪጂኤ መሆኑን እንዳይም ነገረኝ። አየሁ፣ ነበር።

ቁጥር 7 እኔ ነኝ። ሞከርኩት፣ ሠራ። ግን ጋሼ አንድ ነገር አለ፦ ፊደሎቹ ወፈሩ። ትልቅ ሆነዋል፣ ይታያሉ፣ ግን የእሱ ፊደሎች አይመስሉም። ይህን ስጽፍ ሰው የሰውየው ፈሊጥ ነው ብሎ ያልፈዋል ብዬ ነበር። የክሩ የመጀመሪያ ጭቅጭቅ ከዚህ ተነሳ።

ቁጥር 8 እርግጠኛ ሰው ነው። ሰፊ ሞኒተር ላይ ሥዕሉ ወደ ጎን ስለተለጠጠ ነው፣ ያገለገለ አራት ማዕዘን ሞኒተር ግዙና ተገላገሉ አለ። ከዚህ ውጭ መድኃኒት የለውም ብሎ ደመደመ።

ቁጥር 9 የሒሳብ መምህር ይመስለኛል። ቁጥር 8 ግማሹን ስቷል አለ፤ ከዚያ ቁጥሮቹን ደረደረ። የዶስ ስክሪን 80 ፊደል በ25 መስመር ነው። በቪጂኤ (የዚያ ዘመን የስክሪን ካርድ ደረጃ) ላይ እያንዳንዱ ፊደል 9 ነጥብ ወርድና 16 ነጥብ ቁመት አለው። 80 በ9 ሲባዛ 720፣ 25 በ16 ሲባዛ 400። አሁን 720ን ለ400 አካፍሉ፤ 1.8 ነው። የእኔን ሞኒተር 1920 ለ1080 አካፍሉ፤ 1.78 ገደማ ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ስካልድ ሞድ ሥዕሉን ወደ ጎን ብቻ አልጎተተውም፤ በሁለቱም በኩል 2.7 ጊዜ ገደማ እኩል አሳድጎታል።

ታዲያ ጋሼ ተሳስቷል? አልተሳሳተም፤ ይህን ነው የወደድኩለት። አሮጌው የቱቦ ሞኒተር ቅርጹ 4 ለ3 ነበር። ያንኑ 720 በ400 ሥዕል ወደ ላይና ወደ ታች ስቦ ሙሉ ስክሪኑን ይሞላው ነበር። በዚያ ስክሪን ላይ አንዲት ነጥብ እኩል አራት ማዕዘን አልነበረችም፤ ቁመቷ ከወርዷ በ1.35 እጥፍ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ጋሼ ለ20 ዓመት ያያቸው ፊደሎች ቀጠን ብለው ረዘም ያሉ ነበሩ። የእኔ ስክሪን ላይ ያንን መልክ ለማግኘት ሥዕሉ 1440 በ1080 መሆን አለበት፤ ወርዱ 2 ጊዜ፣ ቁመቱ 2.7 ጊዜ። ለዚህ ደግሞ ሌላ ሞኒተር መግዛት አያሻም፤ ሺፍትን ተጭኖ የስካልድ ሞዱን መስኮት በማውስ ወደዚያ ቅርጽ ማጥበብ ይበቃል።

ይህን ለጋሼ በማግስቱ ነገርኩት። ዓይኑ ደክሞም ቢሆን ያየው ነገር ልክ እንደሆነ፣ ሒሳቡም እንደሚደግፈው ነገርኩት። ፈገግ አለ።

ቁጥር 8 ግን አልወደደውም። ቁጥር 10 ላይ ተመልሶ፣ ሰው ሞኒተር ይግዙ ሲባል የነጥብ ሒሳብ መሥራት ጊዜ ማባከን ነው አለ። ቁጥር 9 አልመለሰለትም። ጥሩ አደረገ።

ቁጥር 11 ሌላ መንገድ አመጣ። ስካልድ ሞድ ሥዕሉን 2.7 ጊዜ ሲያሳድግ ነጥቦቹ እኩል ስለማይከፋፈሉ ፊደሉ ጠርዙ ላይ ትንሽ ይደበዝዛል። ዓይን ለደከመው ሰው ይህም ዋጋ አለው አለ። ከሜኑው የስክሪኑን ማሳያ 200 በመቶ አድርጎ ከዚያ ወደ ፉል ስክሪን መግባት ይቻላል። አንዷ ነጥብ በትክክል አራት ነጥብ ትሆናለች፤ ሥዕሉ 1440 በ800 ይሆናል፣ ጥርት ይላል። ዙሪያውን ጥቁር ይቀራል፣ ግን እንደ በፊቱ አይደለም። ይህን ለራሴ ላፕቶፕ ወሰድኩት፤ ለእኔ እሱ ይሻለኛል።

ከ12 ጀምሮ ወሬው መንገድ ለቀቀ።

ቁጥር 12 ቨርቹዋል ማሽኑን ትቼ ዶስቦክስ የሚባለውን፣ ዶስን አስመስሎ የሚያስኬድ ፕሮግራም እንድጠቀም ነገረኝ። እውነት አለው፤ ዶስቦክስ ላይ አልትና ኢንተር ወዲያው ስክሪኑን ይሞላዋል፣ የ4 ለ3 ቅርጹንም በማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ አንድ መስመር ለውጦ መመለስ ይቻላል። ሐዋሳዋ እህት ቁጥር 13 ላይ ረጋ ብላ መለሰች። ዶስቦክስ የተሠራው ለጌም ነው፤ ሠሪዎቹም ይህንኑ ይናገራሉ። ከዚያ የራሷን ገጠመኝ ነገረችን። ኮንትሮልና ኤፍ 9 ዶስቦክስን ሳይጠይቅ ይዘጋዋል። አንድ ከሰዓት ሙሉ የተመዘገበ ዕቃ ጣቷ አምልጧት በአንድ ጊዜ ጠፋ። ያን ቀን እያለቀሰች እስከ ማታ ደግማ ጻፈችው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ጋሼን ዶስቦክስ ፊት ማስቀመጥ ፈራሁ።

ቁጥር 14 ዶስቦክስ ኤክስና ቪዶስ የሚባሉትን ጠቀሰ። እነዚህ ለሥራ ፕሮግራሞች ያስባሉ፣ ማተምም ይችላሉ፣ ፊደሉንም በዘመናዊ የዊንዶውስ ፎንት ስለሚስሉት የቱንም ያህል ቢያድግ አይደበዝዝም። ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ላይ ግን ቁጥር 15፣ ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ አንድ ትልቅ ሰው፣ የአማርኛን ነገር አነሱ።

ዘመናዊ ፎንት የሚሠራው ፕሮግራሙ የተለመደውን ፊደል ሲጠቀም ነው አሉ። ፕሮግራሙ የራሱን ፊደል ቪጂኤው ላይ ከጫነ፣ ያ ፊደል በዘመናዊው ፎንት ተተክቶ ይጠፋል። በዶስ አማርኛ የጻፈ ሰው የሚያውቀው ችግር ደግሞ ከዚህም ይቀድማል። የጽሑፍ ሁነታው በአንድ ጊዜ 256 ምልክት ነው የሚይዘው፤ ሁለት ፎንት አጣምረው ቢጭኑ 512 ይደርሳል፣ ግን ከቀለሞቹ ግማሹ ይቀነሳል። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። ዲቃላዎቹን፣ አሃዞቹን፣ ሥርዓተ ነጥቦቹን ጨምሩበት፤ እንግሊዝኛ ፊደሉ ገና ሳይገባ 256 ሞላ። አማርኛ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ የጽሑፉን ሁነታ ትቶ በግራፊክስ መሳል ያስፈለገው ለዚህ ነው። እነዚያን ፕሮግራሞች ዛሬ ለመክፈት ደግሞ ስክሪኑን እንዳለ የሚያሳይ ቨርቹዋል ማሽን ይሻላል።

እኚህ ሰው የጻፉት ረጅም ነበር። ያኔ እያንዳንዱ አማርኛ ፕሮግራም የራሱ ኮድ ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣ እንደነበር አስታወሱን። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለት የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት በየፍሎፒው የቀረ ብዙ ጽሑፍ አለ። የወንድማቸው የቀብር ንግግር ከእነዚያ በአንዱ ላይ እንዳለና እስከዛሬ ሊከፍቱት እንዳልቻሉ ጻፉ። ሦስት ሰዎች ፍሎፒውን እናንብብልዎት ብለው በውስጥ መልእክት ጽፈውላቸዋል። ይህን በማየቴ ደስ ብሎኛል።

ቁጥር 16 እኔው ነኝ። የእኛ ካታሎግ የአማርኛ መጻሕፍትን ርዕስ በላቲን ፊደል ነው የያዘው። ያም ጣጣ አለው። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ በቲና በኤስ ይጀምረዋል፣ ሌላው በቲና በዜድ። ሐ ላይ አንዱ ኤች ይጨምራል፣ ሌላው ይተወዋል። ስለዚህ የአንድ ደራሲ መጻሕፍት አራት ቦታ ተበትነው ይገኛሉ። ጋሼ አራቱንም በቃሉ ያውቃቸዋል። እሱ ከሌለ ማን ያውቃቸዋል?

ቁጥር 17 የዘመን አቆጣጠርን አመጣ። ዓለም በሁለት አሃዝ የተጻፈ ዓመት ችግር ያመጣል ብሎ የተጨነቀው እ.ኤ.አ. 2000 ሲገባ ነው። በእኛ ቀን የሚሠራ ፕሮግራም ግን ፈተናው የመጣበት መስከረም 1 ቀን 2000፣ በፈረንጆቹ መስከረም 12 ቀን 2007 ነው። ያኔ ሌላው ዓለም ነገሩን ረስቶታል። የዱቤ መዝገብ የያዘ የሰፈር ሱቅ ፕሮግራም እንቁጣጣሽ ዕለት 99ን ከ00 ሲቀንስ፣ ደንበኛው ሁሉ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ የከፈለ ሆኖ ወጣ። ባለ ሱቁ ወደ ደብተር ተመለሱ።

18 እና 19 በቱርቦ ፓስካል (የድሮ የፕሮግራም መጻፊያ) ስለተጻፈ የቤተሰብ ፕሮግራም ነው። ሲከፈት ስህተት 200፣ በዜሮ ማካፈል እያለ ይዘጋል። መልሱ ጥሩ ነበር፦ ፕሮግራሙ ሲነሳ የኮምፒውተሩን ፍጥነት ይለካል፣ 200 ሜጋኸርዝ አካባቢና ከዚያ በላይ ያለ ፕሮሰሰር ላይ ውጤቱ ከተመደበለት ቦታ በላይ ይሆንበታል። የዛሬ ቨርቹዋል ማሽን ደግሞ በጣም ፈጣን ነው። ወይ ፕሮግራሙን በማረሚያ ማረም፣ ወይ ለዚህ ለዚህ ዶስቦክስን ፍጥነቱን ቀንሶ መጠቀም።

ቁጥር 20 ላይ ክሩ መረረ።

ሰውየው ከላይ የተጻፈውን ሁሉ እንዳነበበ ተናግሮ ጀመረ። እንደ እሱ አባባል 19 ሰው ተሰብስቦ ሬሳ እያጠበ ነው። ዘንድሮ በዶስ ካታሎግ የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት አንባቢውን ይበድላል አለ፤ ኮሃ የሚባል ነጻ ሲስተም አለ፣ ከኒውዚላንድ ተነስቶ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ዓለም እየተጠቀመበት ነው፣ ተማሪ ከስልኩ መጽሐፍ ይፈልጋል። እኔ ግን ለአንድ ሽማግሌ ልማድ ብዬ 11 ሺህ መዝገብ ጨለማ ውስጥ ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ቃሉን ቃል በቃል አልደግመውም። አንብቤው እጄ ተንቀጠቀጠ።

ቁጥር 21 ስለ እኔ ተቆጣ። ሰርቨር ማን ይገዛል፣ መብራት ሲጠፋ ማን ይቆጣጠራል፣ ኢንተርኔት በሌለበት ቀን ተማሪው ምን ይሁን ብሎ አፋጠጠው። እስከዚህ ደግ ነው። ከዚያ ግን ውጭ አገር ተቀምጦ ማስተማር ቀላል ነው ብሎ ጨመረ። ቁጥር 22 ላይ ሰውየው የሚኖረው ጅማ እንደሆነ ጽፎ፣ ለ21 ስድብ የቀረበ ነገር መለሰ። አድሚኑ ቁጥር 23 ላይ ገብቶ የሁለቱንም ጥቂት መስመር አጠፋና ስለ ሥራው ብቻ እንድናወራ አሳሰበን።

እኔ ሳስበው፣ ቁጥር 20 በቃሉ በድሎኛል፣ በነገሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ካታሎጉ ከጋሼ ጋር አብሮ ጡረታ መውጣት የለበትም። ግን ነገ ወደ ኮሃ እንሻገራለን ተብሎ ዛሬ ጋሼ ሳያይ መሥራት የለበትም። መዝገቡን የሚያውቀው እሱ ነው። አራት ቦታ የተበተነውን ደራሲ አንድ ቦታ የሚሰበስበው እሱ ነው። ከመሻገራችን በፊት የሚጸዳው ካታሎግ የሚጸዳው በእሱ ዓይን ነው። ዓይኑን የሚረዳ ስክሪን የመሻገሩ ሥራ አካል ነው። ይህን እዚያው ጻፍኩ፣ ቁጥር 24 አድርጌ።

ቁጥር 25 ለመሻገር የሚያስፈልገውን በዝርዝር አስቀመጠ፤ ይህን ያዙልኝ። ከአይሲስ ዋና ሜኑ ኤም ስትጫኑ የማስተር ፋይል አገልግሎቶች ይመጣሉ። ከዚያ አይኤስኦ 2709 በሚባለው ቅርጽ መዝገቡን ማውጣት ይቻላል። ኮሃም የሚቀበለው በዚህ ቅርጽ የተጠቀለለ ማርክ፣ ማለት ቤተ መጻሕፍት የሚጋሩት የመዝገብ አጻጻፍ ደንብ፣ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፤ መጠቅለያው አንድ ነው ማለት ውስጡ አንድ ነው ማለት አይደለም። አይሲስ ላይ የመስኩን ቁጥር የሚወስነው ካታሎጉን የሠራው ሰው ነው። ከፕሮግራሙ ጋር በሚመጣው ናሙና ላይ ርዕስ 24፣ ደራሲ 70 ነው። ማርክ ላይ ርዕስ 245፣ ዋና ደራሲ 100 ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ተቀምጦ የትኛው ወደ የትኛው እንደሚሄድ በወረቀት መጻፍ አለበት። ጋሼ መስኮቹን ከናሙናው ወስዶ፣ ሦስት የራሱን ጨምሮበታል። የጨመራቸውን በማግስቱ ከኪሱ ባወጣው ማስታወሻ ደብተር ጀርባ ጻፈልኝ።

ቁጥር 26 ያ የጅማው ሰው ነው። ድምፁ ተለውጧል። ሠንጠረዡን ካዘጋጀን ልወጣውን ራሱ በነጻ እንደሚሠራልን ጻፈ። ተቀብዬዋለሁ።

የቀሩት በአጭሩ። ቁጥር 27 ቨርቹዋል ማሽኑን ሲከፍት የላፕቶፑ ፋን ይጮህበታል። ዶስ ሥራ ሲፈታም ፕሮሰሰሩን አያሳርፍም፤ ዝም ብሎ ቁልፍ ተጫኑ አልተጫኑ እያለ ይዞራል። ፍሪዶስ ውስጥ ያለውን ኤፍዲኤፒኤም የተባለ ፕሮግራም፣ ኤፒኤምዶስ በሚለው ትእዛዝ፣ ሲነሳ በሚያነበው ፋይል ውስጥ ማስገባት ጩኸቱን ያቆመዋል። ቁጥር 28 ስለ ማተም ነው፤ በቀጥታ ወደ ፕሪንተር ከመታገል አይሲስ ወደ ፋይል እንዲያትም ማድረግና ፋይሉን ከዊንዶውስ ማተም ይቀላል። ፋይሉን ለማውጣት የቨርቹዋል ዲስኩን ሲፈጥሩ ቪኤችዲ የሚለውን ቅርጽ መምረጥ፤ ማሽኑ ሲዘጋ ዊንዶውስ ራሱ እንደ ተጨማሪ ዲስክ ይከፍተዋል። ቁጥር 29 መብራት ሲጠፋ መዝገቡ እንዳይበላሽ በየቀኑ የዲስኩን ቅጂ በፍላሽ እንድወስድ መከረኝ። ፍላሹ አሁን የቢሮ ቁልፌ ላይ ተንጠልጥሏል።

ቁጥር 30 ሐዋሳዋ እህት ናት። በመጨረሻ ጋሼ የቱን መረጠ ብላ ጠየቀች። 31 የእኔ መልስ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱንም አዘጋጅቼ ጠበቅኩት። መጀመሪያ የ200 በመቶውን አሳየሁት። ጥርት ያለ ነው አለ፣ ግን ወንበሩን አላነቃነቀም። ከዚያ ስካልድ ሞዱን ከፈትኩ። መስኮቱን በቁጥር 9 ሒሳብ፣ 4 ለ3 ቅርጽ አስይዤዋለሁ። የዊንዶውስን ጀርባ ጥቁር አድርጌ፣ ከታች ያለውን የአዶ ረድፍ ደብቄዋለሁ፤ ከላይ ካለችው ቀጭን መስመር በቀር ሌላ የሚታይ የለም። ፊደሎቹ ረዘም፣ ቀጠን ብለው ወጡ።

ጋሼ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ አፍንጫው አወረደ። ወንበሩን አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ገፋ። ኤስን ጫነና በላቲን ፊደል፣ በቲና በዜድ፣ ፀሐይን ፈለገ። ሁለት መዝገብ መጣለት። ጥቂት አያቸውና ወጥቶ ኢን ጫነ። መዝገቡን ከፈተ። ዜዱን አጥፍቶ ኤስ ጻፈበት።